ቦርጩን ያወጣው ወንበሩ ነው

አንድ ሰው ቢሮ ገብቶ ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ ዘመድ ሲያገኘው የመጀመሪያው ሰላምታ «ተመችቶሃል!» ነው። ሆዱን አየት፣ ትከሻውን መታ መታ ይደረግና ምስጋናው ይቀጥላል። የከሳ እንደሆነ ደግሞ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይባላል። በአገራችን የሞላ ገላ የጥጋብ ምልክት ሆኖ ስለኖረ ይሄ አይገርምም። ረሃብን የሚያውቅ ሕዝብ ወፈር ያለ ሰው ሲያይ ደስ ቢለው ማን ይፈርድበታል? የሚገርመው ያው ዘመድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ደም ብዛት አለብህ አሉ፤ ምነው ራስህን እንዲህ ጣልከው?» ብሎ ሲቆጣ ነው። ያኔ የተመሰገነው ሆድና አሁን የሚወቀሰው ሆድ እኮ ያው አንድ ሆድ ነው።

ስለ ቢሮ ሠራተኛ ውፍረት ሲወራ የሚሰማው ምክር ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ «አፍህን ያዝ»፣ ወይ «ጂም ግባ»። ሁለቱም ጥፋቱን ሰውየው ላይ ይጥላሉ፤ ሆዳም ነው ወይም ሰነፍ ነው ማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የቢሮ ሠራተኛ ቦርጭ በአብዛኛው የሥራ ቀኑ አሠራር ያመጣው ነገር ነው። ስለዚህ መፍትሔውም መፈለግ ያለበት ከሥራ በኋላ ሳይሆን እዚያው በሥራ ሰዓት ውስጥ ነው።

እስቲ የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቀን እንቁጠር። ሥራ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት በኋላ ከ7:30 እስከ 11:30 ነው። ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ይቀነሳል። ሲደመር በሕጉ የተቀመጠው በሳምንት 39 ሰዓት ይሆናል። ወረቀት ላይ ሲታይ ከባድ አይመስልም። ነገር ግን ሠራተኛው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከቤቱ አጠገብ ሰርቪስ ይይዛል፤ ቁጭ። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጦ በሩ ላይ ይወርዳል። ሊፍት ካለ በሊፍት ይወጣና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ሻዩ እዚያው ይመጣለታል፤ ፋይሉን ተላላኪ ያመጣለታል። ምሳውን ክበብ ተቀምጦ ይበላል። ከሰዓት ስብሰባ ይኖራል፤ ስብሰባ ደግሞ ከሁሉም የባሰ መቀመጫ ነው። ማታ እንደገና ሰርቪስ፣ ቤት ሲገባ ሶፋና ቴሌቪዥን። የሚቆመው መቼ ነው? ሽንት ቤት ሲሄድ ካልሆነ በቀር እኔ እንጃ።

አክስቴ እንዲህ ነው የኖረችው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 19 ዓመት ሠርታለች። ስትቀጠር የተነሣችውን ፎቶ ያየ ሰው እሷ መሆኗን አያምንም። አምና ስኳርም ደም ብዛትም እንዳለባት ተነገራት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ምሳዬን እንኳ ጠግቤ የማልበላ ሰው ነኝ፤ ይሄ ሁሉ ከየት መጣብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማታ ቤት ገብታ እራት የምትሠራው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ልጆቹን የምታስጠናው እሷ ናት። እንዲህ ያለችውን ሴት «ለራስሽ ጊዜ ስጪና ስፖርት ሥሪ» ማለት ቀልድ ይመስለኛል። ከየት አምጥታ?

ለጥያቄዋ መልስ የሚሆን ነገር ያገኘሁት በድሮ የለንደን አውቶቡሶች ታሪክ ውስጥ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሹፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አወዳደሩ። አውቶቡሱ አንድ፣ ቀጣሪው አንድ፣ ከተማውም አንድ ነው። ልዩነቱ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲውል ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ መዋሉ ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? በልብ ሕመም የሚጠቁት ትኬት ቆራጮች ከሹፌሮቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ። በፖስታ ቤት ሠራተኞችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ ደብዳቤ በእግርና በብስክሌት የሚያድለው ሠራተኛ ቢሮ ከሚውለው ጸሐፊ ይሻል ነበር። ሞሪስ በዚህ አላበቃም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የደንብ ልብሳቸውን መጠን ተመለከተና የሹፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ መሆኑን አሳየ። «ከመጀመሪያውም ወፈር ያሉት ሰዎች ሹፌር ሆነው ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ግን መቀመጥ መዘዝ እንዳለው ደጋግመው አረጋግጠዋል።

ታዲያ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ሹፌሩ ማን ነው፣ ትኬት ቆራጩስ? ትኬት ቆራጯ ከፎቅ ፎቅ ፋይል ይዛ የምትመላለሰው ተላላኪ ናት። ሹፌሩ ደግሞ ደወል ተጭኖ የሚጠራት ኃላፊ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ በብዙ ቢሮዎች ሰው ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር የሚራመደው እርምጃ ያንሳል። አንድ የመምሪያ ኃላፊ ፋይሉን ራሱ ይዞ ኮሪደር ላይ ቢታይ «ምነው ጌታዬ፣ እኛ የለንም እንዴ?» ተብሎ ይነጠቃል። ሥልጣን ማለት አለመነሣት ሆኗል። ደመወዙም ወንበሩም ሆዱም አብረው ያድጋሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ሻዩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ሒሳብ ያስፈልጋል። አንድ ሰው በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል፣ በየብርጭቆው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምራል እንበል። ይሄ ለብዙዎቻችን የተጋነነ አይደለም። በጠቅላላው 12 ማንኪያ ነው። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ 48 ግራም ስኳር፣ ማለትም 190 ካሎሪ አካባቢ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም መሆኑ ነው። ከ5 በመቶ በታች፣ ማለትም 25 ግራም ገደማ ቢሆን የበለጠ ይጠቅማል ይላል። እንግዲህ ሻዩ ብቻውን ኮታውን ጨረሰ። ይሄ 190 ካሎሪ በ250 የሥራ ቀን ሲባዛ 47,500 ይመጣል። በወረቀት ሒሳብ 6 ኪሎ የሚሆን ስብ ነው፤ ሰውነት እንደ ሒሳብ ደብተር ስላልሆነ በተግባር የሚጨምረው ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ቢሆንም አክስቴ «ከየት መጣ» ላለችው አንዱ መልስ ብርጭቆው ውስጥ ነበር። በምሳ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የሚጨምር ሰው ደግሞ ሌላ 30 ግራም አካባቢ ስኳር ይጨምርበት።

ጾም ያድነናል የሚሉም አሉ። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ የዓመቱን ግማሽ ያህል ስለሚጾም እንዴት ሊወፍር ይችላል ይባላል። ሥጋና ቅቤ መቅረቱ እርግጥ ነው። ነገር ግን በጾም ቀን ክበብ ግቡና ጠረጴዛውን እዩ፤ ሳምቡሳው፣ ቦምቦሊኖው፣ ፓስቲው በዘይት ተጠብሶ ተደርድሯል። በጾሙ ላይ ምንም ክርክር የለኝም፤ ዘይቱ ግን አይጾምም።

ሌላው ጉድ የስብሰባ ጠረጴዛ ነው። ብስኩት፣ ለስላሳ፣ ኬክ ይቀርባል፤ ሰው ሳይርበው አጀንዳው እስኪያልቅ ይቆረጥማል። በጀት ሲዘጋ፣ በሰኔ ወር፣ ነገሩ ይብሳል። ሒሳብ ክፍል ያሉ ሰዎች እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያመሻሉ፤ እራታቸውን ኮምፒዩተር ፊት ለፊት በልተው ቤት ሲገቡ ይተኛሉ። በዚህ ወር ስለ ስፖርት የሚያወራቸው ሰው ቢመታ አልፈርድም።

ወደ ስፖርቱ ስንመጣ የለመድነው ነገር የአንድ ቀን ፌስቲቫል ነው። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ሲጀመር 10 ሺህ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሮጧል፤ ትልቅ ነገር ነው፣ በከተማችን ብዙ ሰው እንዲሮጥ ያደፋፈረ ነው። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩ እንዲንሸራሸር ተደረገ። ጥሩ ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ቲሸርቱን ገዝቶ ለሠራተኛው ካደለ በኋላ ሰኞ ጠዋት ምን ተለወጠ? ቲሸርቱ ፒጃማ ይሆናል፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ይመለሳል። ጂሙም ቢሆን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ከ12 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ይጠይቃል። እንደ አክስቴ ላለች ሴት ያ ጊዜ የሷ አይደለም።

ደስ የሚለው ነገር የሚፈለገው እንቅስቃሴ የሚያስፈራ አለመሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል። በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን እንደ ቁጭ ብድግ ያለ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ይመክራል። ድሮ እንቅስቃሴው ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ መሆን አለበት ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው መመሪያ ይሄን ትቶታል። ሦስት ደቂቃ ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል ማለት ነው። ከሰርቪስ ወይም ከታክሲ ቀደም ብሎ ወርዶ ጠዋት 15፣ ማታ 15 ደቂቃ የሚራመድ ሰው በአምስት የሥራ ቀን 150 ደቂቃውን ሞላ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድ በተሠራባቸው ሰፈሮች ይሄ ቀሏል፤ ከአራት ኪሎ ፒያሳ 20 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። መንገዱ ያልተሠራለት ሰፈር የሚኖር ሰው ግን በጭቃና በመኪና መሐል እየተጋፋ እንዲራመድ አልመክርም።

አንድ ነገር ልደብቅ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ ያጠቃለለ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ የሚቀመጥ ሰው መቀመጡ የሚያመጣበትን ያለ ዕድሜ የመሞት አደጋ ለማካካስ በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ይሄን ያህል ከሥራ በኋላ ማግኘት ለአብዛኛው ሠራተኛ አይቻልም። መሥሪያ ቤቱ ይግባበት የምለውም ለዚህ ነው። የሚጠየቀው ብዙ ወጪ አይደለም። የስብሰባው ብስኩትና ለስላሳ በቆሎና በውኃ ይተካ። ሻይ ያለ ስኳር ይቅረብና የፈለገ ራሱ ይጨምር። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ ስብሰባ መሐል ላይ ሰው ይነሣ። ኃላፊው ፋይሉን ራሱ ሄዶ ሲያመጣ አያሳፍር። በዓመት አንዴ ለቲሸርት የሚወጣው ገንዘብም ሜትር መግዣ ይሁን፤ የልብስ ሰፊ ሜትር። የወንድ ወገብ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ የሴት ከ80 ሲያልፍ አደጋው ይጨምራል ይባላልና ሰው «ተመችቶሃል» ተብሎ ሲመሰገን ቁጥሩን ይወቅ።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ? ነገ ዴስክ የሚባል ወንበር ይጠብቀናል። ከሁለተኛ ዓመት ጀምረን ቃለ መጠይቅ በስልክ፣ መግለጫ በቴሌግራም መቀበል ለምደናል። ለአንድ ዜና መርካቶ ድረስ ሄዶ ነጋዴ ማናገር እንደ ቅጣት እየተቆጠረ ነው። እግሩን የማያነሣ ዘጋቢ ግን ወገቡም ይሰፋል፣ ዜናውም ይቀጥናል።

አክስቴ አሁን ሻይዋን በአንድ ማንኪያ አድርጋለች፤ ፋይሉንም ራሷ ሦስተኛ ፎቅ ይዛ ትወጣለች። ተላላኪዋ መጀመሪያ «እትዬ፣ አስቀየምኩዎት?» ብላ ደንግጣ ነበር። አሁን ተስማምተው ተራ ገብተዋል፤ የጠዋቱን አንዷ፣ የከሰዓቱን ሌላዋ ትወስዳለች።