ለእቃቃ ጊዜና ቦታ እንስጥ

ለወላጆች፣ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራንና ባለቤቶች፣ ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፦

የአራት ዓመት ልጅ ከኬጂ የቤት ሥራ ተሸክሞ ይመጣል። እርሳስ በቅጡ ያልጨበጡ ጣቶች ፊደል ሲደጋግሙ ያመሻሉ፤ ሲጨርሱ ማባበያው ስልክ ነው። በዚህ መሐል እቃቃ ከብዙ ቤት እየጠፋ ነው።

እቃቃ ሲጫወቱ እስቲ ጠጋ ብላችሁ አድምጡ። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ትንሹ እንግዳ ይሆናል። ቆርኪው ስኒ ነው፣ ቅጠሉ እንጀራ፣ አፈሩ ቡና። ቡና አፍሳሿ ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጣ እንግዳው እንዲነሣ አትፈቅድም፤ እሱም መሮጥ እያማረው ይቀመጣል። ፈጠራና ጠባይ የሚገናኙት እዚህ ነው። ልጁ ራሱ በፈጠረው ዓለም፣ ራሱ ለተስማማበት ሕግ፣ ማንም ሳይቆጣው ይገዛል። «እናት የምሆነው እኔ ነኝ» ብለው ሲጣሉም ካልታረቁ ጨዋታው ይፈርሳልና መላ ይፈልጋሉ፤ ተራ ይሰጣጣሉ፣ ይካካሳሉ። ትዕግሥትንና ቃል መጠበቅን እኛ በቁጣና በምክር ይህን ያህል አናስተምርም።

እ.ኤ.አ. በ1948 በሶቪየት ኅብረት የታተመው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማኑይሌንኮ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ሕፃናቱ እንዲሁ «ሳትነቃነቁ ቁሙ» ሲባሉ ብዙ አልቆዩም፤ በጨዋታ ዘበኛ ሲሆኑ ግን ለረዥም ጊዜ ጸንተው ቆሙ።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ እንጀምር። ወላጆች፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ስልኩም ቴሌቪዥኑም ይዘጋ። አሻንጉሊት መግዛት አያስፈልግም፤ ባዶ ካርቶን፣ የሃይላንድ ክዳን፣ ያረጀ ነጠላ፣ ትንሽ ጭቃ ይበቃል። ልብስ ቢቆሽሽ ይታጠባል። ከጠሯችሁ እንግዳ ሁኑላቸው እንጂ ጨዋታውን አትምሩላቸው።

በነሐሴ ልጅ ስታስመዘግቡ፣ ስለ እንግሊዝኛው ከመጠየቃችሁ በፊት «በቀን ስንት ሰዓት እንደ ልባቸው ይጫወታሉ?» በሉ። ግቢውንም ገብታችሁ እዩ። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ የኬጂ የቤት ሥራ እንዲቀር በግልጽ ጠይቁ። መምህራኑን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ደብተሩ ባዶ ከመጣ «ታዲያ ምን ተማረ?» ብለን የምናስጨንቃቸው እኛው ነን።

መምህራን ሆይ፣ ለሠላሳ ልጅ አንድ ዓይነት አበባ አባዝታችሁ ቀለም አታስቀቡ። ባዶ ወረቀት ስጡ። ሰማዩን አረንጓዴ ያደረገችውን ልጅ ከማረም በፊት ስለ ሥዕሏ እንድትነግራችሁ ጠይቋት፤ ሐሳቧን ሳትፈራ መግለጽ የምትለምደው እንዲህ ነው።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት ያደርገዋል። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ በብሎኮቹ መሐል ያለውን ክፍት ቦታ ሁሉ ለመኪና ማቆሚያ አትስጡ። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙ፤ አንዱን ጥግ ከልላችሁ፣ አፈሩን ስሚንቶ ሳታለብሱ፣ ለልጆቹ ተዉላቸው።