ዋዛ እንደ ዋዛ

ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሰርግ ተጠርቼ፣ ነፊዎቹ ቡና ሊጠጡ አረፍ ሲሉ አንዱን ቀንድ ያዝ አሉኝ። ማንጎ ዛፍ ሥር ነበርን። "ቀንድ" አልኩት እንጂ ነገሩ ቅል ነው። የአንዱ ቅል አንገት በሌላው ውስጥ ይገባል፣ ያኛውም በሦስተኛው፣ እንዲህ እየሰፋ ሄዶ መጨረሻው ላይ አፉን ከፍቶ ያዛጋል። መጋጠሚያው በክር ተጠፍሯል። ቁመቱ ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ክብደቱ ግን ከአንድ ባዶ እንቅብ አይበልጥም። ነፋሁት። የወጣው ትንፋሼ ብቻ ነው። ልጆቹ ሳቁብኝ። ባለቤቱ አዛውንት ተቀበሉኝና ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው አንዴ ነፉት፤ በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ የሰማሁት ወፍራም ድምፅ ነበር።

"አባቴ፣ ሌላ ድምፅስ አያወጣም?" አልኳቸው።

"ሌላውንማ እነሱ ይዘውታል" አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ ጓደኞቻቸው እያመለከቱ።

የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚለው መሣሪያ እንዲህ ነው። አሥር አሥራ ሁለት ቀንድ ይሰለፋል፤ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ሙሉውን ዜማ የሚሰማው ዙሪያውን የቆመው ሰው ነው እንጂ ከነፊዎቹ አንዱም ብቻውን አይይዘውም። መሃል አገር ያደገ አንባቢ እምቢልታን ያስታውስ፤ ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ የሚነፉትን። ያንን አብዝታችሁ፣ ጭፈራ ጨምሩበት። ነፊዎቹ አይቆሙም፤ እየተራመዱ ነው የሚነፉት። ትከሻቸው ላይ ያደረጉትን እንጨት በነፃው እጃቸው እየመቱ የሚነፉም አሉ። የአንዱ ትንፋሽ ከዘገየ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ክፍተቱ ያስታውቃል።

አማርኛችን "ዋዛ" የሚለውን ቃል ለቀልድና ለፌዝ ሰጥቶታል። ግጥምጥሞሽ ነው፤ በርታዎቹ ይህን የማወቅ ግዴታ የለባቸውም። አያያዛችንን ሳይ ግን ግጥምጥሞሹ ያሳፍረኛል። ህዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. ዘጠነኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን አሶሳ ላይ ሲከበር ማስታወሻ ደብተር ይዤ ከሚሯሯጡት አንዱ ነበርኩ። ያን ደብተር በቅርቡ ገልጬ አየሁት። ንግግር ያደረጉት ሰዎች ስም ከነማዕረጋቸው ሰፍሯል። ከታች "የበርታ ባህላዊ ሙዚቃ ቀረበ" ብዬ አንድ መስመር ጽፌያለሁ። ስንት ሰው እንደነፋ እንኳ አልቆጠርኩም። እንደ ዋዛ።

ይህን ደብተር የገለጥኩት ስለ አንድ ህንዳዊ ነፊ ሳነብ ከርሜ ነው። ሰውየው ኡስታዝ ቢስሚላህ ኻን ይባላሉ። ("ኡስታዝ" እኛ ዘንድ የሃይማኖት መምህር ነው፤ እዚያ ለሙዚቃ ሊቅም ይሰጣል።) መሣሪያቸው ሸህናይ ነው፤ ክንድ የሚያህል የእንጨት መንፊያ፣ በአንድ ጫፉ የሸምበቆ ምላስ፣ በሌላው የብረት አፍ ያለው። ሸህናይ የሰርግና የቤተ መቅደስ በር መሣሪያ ነበር። ሙሽራ ሲገባ ይነፋል፣ ነፊው በልቶ ይሄዳል፤ ሲታርና ሳሮድ የሚባሉት ባለክር መሣሪያዎች ከተቀመጡበት መድረክ ግን አይደርስም።

እ.ኤ.አ. በ1916 ቢሃር ውስጥ ዱምራኦን በምትባል ከተማ ተወለዱ። የወጣላቸው ስም ቀመሩዲን ነበር። አያታቸው ሕፃኑን ሲያዩ "ቢስሚላህ!" አሉ፤ ስማቸው ያው ሆኖ ቀረ። ይህን ለአሶሳ ወዳጆቼ ሳወራ መተርጎም አላስፈለገኝም። በልጅነታቸው ቫራናሲ ከተማ ከአጎታቸው ዘንድ ገቡ። አጎትየው የሂንዱዎቹ የቪሽዋናት ቤተ መቅደስ ሸህናይ ነፊ ነበሩ። የሺዓ ሙስሊም ልጅ ቢሆኑም በጋንጅስ ወንዝ ዳር በሌላ የሂንዱ ቤተ መቅደስ እየተቀመጡ ለዓመታት ተለማመዱ። ለእኔ ከሽልማቶቻቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ሃይማኖታቸውን አልለወጡም፣ ሶላታቸውን አላቋረጡም፣ ከቤተ መቅደሱም አልራቁም፤ በሁለቱም በኩል ማንም አያስወጣቸውም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1937 ካልካታ ላይ በተደረገ ትልቅ የሙዚቃ ጉባኤ ሸህናይን ለብቻው መድረክ ላይ አወጡት። ህንድ ነፃ ስትወጣ፣ ነሐሴ 1947፣ ዴልሂ ቀይ ምሽግ ላይ ነፉ። በ1950 ሪፐብሊክ ሲታወጅም እንደገና። የአገሪቱን ከፍተኛ ኒሻን ብሃራት ራትናን በ2001 ሰጧቸው። ከዚያም በኋላ በዚያው በጠባቡ ቤታቸው ኖሩ፤ ከተማው ውስጥ የሚዘዋወሩት በሳይክል ሪክሾ ነበር። በ2006 ሲያርፉ ሃያ አንድ ጊዜ መድፍ ተተኩሶላቸው፣ ሸህናያቸው አብሯቸው፣ ኒም ዛፍ ሥር ተቀበሩ። እኛ በየግቢያችን የምናውቀው ያው ኒም ነው።

ለዋዛም አንድ ቢስሚላህ ይፈለግለት ልል የመጣሁ የመሰለው አንባቢ ይኖራል። አይደለም። አይሆንምም። ዋዛ ለአንድ ጎበዝ ቦታ የለውም፤ የፈለገ ሊቅ ብትሆን አንድ ድምፅ ትቀበልና ተራህን ትጠብቃለህ። የህንዱም መንገድ ቢሆን እንከን አያጣም። ሰውየው በስተርጅናቸው ብዙ ቤተሰብ ማስተዳደር ከብዷቸው መንግሥትን እርዳታ እስከመጠየቅ ደርሰዋል። ከሞቱ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የብር ሸህናዮቻቸው ከቤት ተሰርቀው ወርቅ ቤት ቀለጡ። የአገር ኒሻን የተሸለመ ትንፋሽ ያለፈበት ብር በሚዛን ተሸጠ።

ዋዛን የሚሰርቅ የለም። ቅል ነው፤ አይቀልጥ፣ አይመዘን። ደግሞ አንዱን ብቻ ወስዶ ምን ያደርግበታል? ዋዛ የሚጠፋው በሌላ መንገድ ነው። አንዱ አዛውንት ሲሞት፣ አንዱ ወጣት ወርቅ ሊያጥብ ወደ መንጌ ሲወርድ፣ ሌላው ለትምህርት ሄዶ ሲቀር፣ አሥራ ሁለቱ ዘጠኝ ይሆናሉ። ዘጠኙ ይነፋሉ፤ ዜማው ግን ተቦርቡሯል። በርታ ደግሞ ድንበሩ መሃሉን የቆረጠው ሕዝብ ነው። ከወዲያ ሱዳን፣ ብሉ ናይል አለ። ሸርቆሌና ባምባሲ ያሉት መጠለያዎች ከዚያ የሸሹትን ሲቀበሉ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የሚሻገረው ሰው ጨምሯል። ከአንድ ቡድን አምስቱ ወዲህ ተሻግረው ሰባቱ ወዲያ ከቀሩ፣ በሁለቱም ወገን ያለው የቅል ክምር ብቻ ነው።

ከድንበሩ ወዲያ የነበሩትን ነፊዎች ጀርመናዊው የሙዚቃ ተመራማሪ አርቱር ሲሞን ቀድቷቸዋል፤ የቀዳው በሲዲ ታትሟል። አሶሳ ተቀምጬ ዋዛን በጥራት ለመስማት ስፈልግ ያገኘሁት እሱን ነው። ሰውየው ይመስገን፤ እኛ ግን ነፊዎቹ በር ላይ እያሉ ከበርሊን የምንበደር ሰዎች ሆነናል።

ይህን ሳነሳ የምሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "የሕዝብ ሀብት ነው፣ ባለቤቱ ሕዝቡ ነው።" ጥሩ። ሕዝብ ግን ቅል አይቆርጥም። ቅሉን ከማሳ የሚመርጥ፣ አድርቆ የሚገጥም፣ ድምፁ ከወንድሞቹ ጋር እስኪስማማ ጫፉን የሚከረክም ሰው አለ። ያ ሰው አሁን ባምባሲ ወይም መንጌ ወይም ኮሞሻ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ዕድሜ አለው፣ ስም አለው፣ ምናልባት ተተኪ የለውም። "የሕዝብ ነው" የምትለዋ አነጋገር እሱን ላለመጠየቅ ታመቻለች። ክራር ተጫዋቹን በስም እናውቃለን፣ ማሲንቆ መቺውንም። ዋዛ ሲመጣ ብቻ ነው ሰዎቹ ወደ ብሔረሰብ ስም የሚጠቃለሉት።

ከህንድ ባጃጁን አምጥተናል፣ ፊልሙንም በየሲኒማ ቤቱ አልቅሰን ጠግበናል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የነፊውን ስም መጥራት። ለሚመጣው ህዳር 29 ካሜራ ይዛችሁ የምትመጡ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከምስሉ ግርጌ "የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባህላዊ ጭፈራ" ከምትሉ አሥራ ሁለት ስም ጻፉ። ጊዜ ይወስድ እንደሆነ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። የክልሉ ባህል ቢሮም ቡድኖቹን ለበዓል ሲጠራ በያዘው የአበል ዝርዝር ላይ ስማቸው አለ፤ ያን ወረቀት ሒሳብ ሲወራረድ አይጣለው።

እኔ ጀምሬያለሁ። በሰርጉ ዕለት፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ፣ ደብተሬን አውጥቼ ስማቸውን ጠየቅኩ። አሥራ አንድ ነበሩ። እዚህ ያላተምኩት የበርታን ስሞች በአማርኛ ፊደል ሳላበላሽ እንድጽፍ የሚያርመኝ ሰው እስካገኝ ነው። ደብተሩን ልከድን ስል አዛውንቱ ክንዴን ያዙኝ።

"ቆይ፣ ቅሉን የሠራልንንም ጻፈው እንጂ" አሉኝ።

አሥራ ሁለት ሆኑ።