ያሳደገ ዋስ ይሁን

የ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገር አነጋግሯል። ስለ ትምህርት ጥራቱ የተባለው ተብሏል፤ እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። በሕፃናት ማሳደጊያ ላደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ማለት ማደሪያም ቀለብም ነው። ያላለፈውስ ወዴት ይሂድ? ቤተሰብ ያለው ወድቆም ቢሆን እናቱ ቤት ይገባል። የማሳደጊያው ልጅ ግን 18 ዓመት ከሞላው አካለ መጠን ደርሷልና አብዛኛውን ጊዜ ይሸኛል።

ማሳደጊያዎቹን አንወቅስም፤ አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ ሕፃን አለ። የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ጥረትም አይካድም። የሚያስቆጨን ጥረቱ ማሳደጊያው በር ላይ ማብቃቱ ነው።

ከማሳደጊያ የወጣች ወጣት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ልትቀጠር ብትሄድ ዋስ አምጪ ትባላለች፤ ያውም የደመወዙን መጠን ከመሥሪያ ቤቱ የሚያጽፍ ቋሚ ሠራተኛ። አጎት የላት፣ አክስት የላት፣ ማን ይፈርምላት? ሞግዚቶቿ ቢወዷትም ደመወዛቸው ለዋስትና አይበቃም። ቤት ልትከራይ ስትል አከራይዋ "ተያዥሽ ማነው?" ትላታለች። ወረዳ ሄዳ መታወቂያ ስትጠይቅ ደግሞ የቤት ቁጥር ይፈለጋል፤ ያላት ቁጥር ትናንት የለቀቀችው ማሳደጊያ ነው። ለእነዚህ ወጣቶች እንደሚሰጥ በየሪፖርቱ የሚጠቀሰው የሙያ ሥልጠና ይህን አይፈታም። የልብስ ስፌት ሰርተፊኬት ዋስ ሆኖ አይፈርምም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 መንግሥት ለእጓለ ማውታ ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ ደንግጓል። በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲያስቀርም እነዚህ ልጆች በአገራቸው፣ በባህላቸው ይደጉ ተብሎ ነው። ተገቢ ውሳኔ ነበር። ነገር ግን እዚሁ ይደጉ ያለ አገር፣ ካደጉ በኋላ "ዘመድ ፈልጉ" ሊላቸው አይገባም።

ስለዚህ ያሳደጋቸው አካል ዋስ ይሁናቸው። ማሳደጊያው ያለበት ወረዳ ቋሚ አድራሻ እስኪያገኙ ድረስ በማሳደጊያው የቤት ቁጥር መታወቂያ ይስጣቸው። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርም በየክልሉ ካሉ ቢሮዎች ጋር ተነጋግሮ፣ ለመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታት በመሥሪያ ቤት ማኅተም ዋስትና የሚሰጥበትን መመሪያ ያውጣ። "ወጣቱ ቢያጠፋ ዕዳው በመንግሥት ላይ ይመጣል" የሚል ኃላፊ አይጠፋም። ወላጅም ለልጁ ሲፈርም ይህንኑ እያወቀ ነው። መመሪያው ግን ቀጣዩን ፈተና ሳይጠብቅ ይውጣ፤ የተሸኙት አሁን ሥራ እየፈለጉ ናቸውና።