ቡና የሚሸፍነው እንቅልፍ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ጀበና ከእሳት ርቆ አይውልም። ቡናው ባይኖር እንኳ ከቅጠሉ የሚፈላው፣ በዝንጅብልና በሚጥሚጣ የሚቀመመው ጨሞ አለ። እንቅልፍ የሚያባርር መጠጥ በማይታጣበት አገር ቀኑን እያንጎላጀ የሚውል ሰው ቢገኝ ሐኪም ቤት ሂድ የሚለው የለም፤ አንድ ስኒ ይደገምለታል። ሌሊቱን ሲያንኮራፋ ካደረም የቤተሰቡ መሳቂያ ይሆናል፤ ደግ ሰው ከተገኘ “እንቅልፍ ጣፍጦት ነው” ይልለታል።

አልጣፈጠውም ይሆናል።

ብዙ ሰው ያንኮራፋል፤ አብዛኛው ጉዳት አይደርስበትም። የሚያሰጋው ድምፁ ሳይሆን በመሐሉ የሚመጣው ጸጥታ ነው። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ምላስና ላንቃ ወደ ኋላ ወድቀው የአየሩን መንገድ ጨርሰው ይዘጉታል። ደረቱ ይታገላል፣ አየር አይገባም። በደሙ ያለው ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ለአፍታ ያባንነዋል፤ አንዴ አጓርቶ ይተነፍስና መልሶ ያንቀላፋል። ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው ይህ ነው። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ መቋረጥ ይቆጠራል፤ በሰዓት 30 ከደረሰ ሕመሙ ከባድ ነው፤ በየ2 ደቂቃው አንድ ጊዜ ትንፋሹ ይቋረጣል ማለት ነው። ጠዋት ግን አንዱንም አያስታውስም። አፉ ደርቆ፣ ራሱን እያመመው ይነሣና ወደ ጀበናው ይሄዳል።

በዚህ መሐል የደም ግፊቱ ይጨምራል። ሁለት ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየዋጠ ግፊቱ አልወርድ ያለ ታካሚ፣ ስለ እንቅልፉም ሊጠየቅ ይገባዋል።

በሽታውን በእርግጠኝነት ለመለየት የሌሊቱን ትንፋሽና ኦክስጅን የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ደግሞ በኢትዮጵያ ብርቅ ነው። ይህ ግን እጅ አጣጥፎ ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም። የቶሮንቶዋ ሐኪም ፍራንሲስ ቹንግና ባልደረቦቿ በ2008 እ.ኤ.አ. ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ ሕሙማን ስቶፕ ባንግ የተባሉ 8 ጥያቄዎች አዘጋጁ። ጮክ ብለህ ታንኮራፋለህ? ቀን ይደክምሃል? ተኝተህ ትንፋሽህ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለብህ? የቀሩት ስለ ውፍረት፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ አንገት ዙሪያና ስለ ጾታ ናቸው። ለ3ቱ “አዎ” ያለ ይጠረጠራል፤ ለ5ቱ ያለ ሥጋቱ ከፍ ይላል። ለዚህ ሜትር፣ ሚዛንና የግፊት መለኪያ ይበቃል፤ ሦስቱም በጤና ጣቢያ አሉ። ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ ያለው ሚስት ዘንድ ነው፤ እሷ ግን ብዙ ጊዜ በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ወደ ውስጥ ትጠራ።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሾፌር ነው። ከሚዛን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቡና የጫነ አይሱዙ በቦንጋና በጅማ ዳገት ቁልቁለቱን ሲወጣና ሲወርድ ሾፌሩ የሚተማመነው በጫትና በቡና ነው። ሁለቱም ድካሙን ይሸፍኑታል፤ የተዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍቱም። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የመንገደኞች ባቡር ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ 4 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ነጂው አንቀላፍቶ እንደነበረና ያልታወቀ ስሊፕ አፕኒያ እንዳለበት ደረሱበት። ለመንጃ ፈቃድ በሚደረገው የጤና ምርመራ ዓይን ይታያል፤ ስለ እንቅልፍ ሁለት ጥያቄ መጨመር ምን ያህል ወጪ ነው?

የሕፃናቱ ነገር ይለያል። የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ቶንሲሉ አብጦ ነው፤ መፍትሔውም በሆስፒታል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል። በመንደር ባለምላጭ እንጥል ማስቆረጥ ግን ቶንሲሉን አይነካውም፤ የሚያተርፈው የደም መፍሰስና መመረዝ ነው።

ለአዋቂ ዋናው ሕክምና አውስትራሊያዊው ኮሊን ሳሊቫን በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሲፓፕ ነው፤ አፍንጫ ላይ በሚጠለቅ ጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። ይሠራል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ መብራት በጠፋ ሌሊትም ያለ ባትሪ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በቴፒ ያለ ሐኪም ሌሎቹን መንገዶችም በወጉ ማስረዳት አለበት። ውፍረት ያለው ክብደቱን ይቀንስ። ጠጅና አረቄ ጉሮሮን ይበልጥ ስለሚያላሉ ለመኝታ ሰዓት አይቅረቡ። በጀርባ ሲተኛ የሚብስበት ሰው ከሌሊት ልብሱ ጀርባ ላይ ትንሽ ኳስ ቢሰፋ በጎኑ ለመተኛት ይገደዳል። የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ፣ የጥርስ ሐኪም የሚሠራው መሣሪያም አለ።

ጨዋታ የሚመስል፣ ግን የተጠና ነገርም አለ። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች መካከለኛ ስሊፕ አፕኒያ ያለባቸውን 25 ሰዎች መርጠው ለከፊሎቹ ዲጀሪዱ የተባለውን የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ አስተማሩ። ከ4 ወር በኋላ የነፊዎቹ የቀን ድብታም የሌሊት ትንፋሽ መቋረጥም ቀነሰ፤ ጥናቱ በ2006 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ታትሟል። ዳውሮዎች ደግሞ በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ክልል ከቀርከሃና ከቀንድ የሚሠራውን፣ ከሰው ቁመት የሚረዝመውን ዲንካ ይነፋሉ። የዲንካ ነፊዎችን ጉሮሮ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ማነጻጸር ለሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ይወጣዋል።