መልመጃ ወረቀቱም አማርኛ ይልመድ

ለመጽሔቱ አዘጋጅ፤

ልጆች የቃላት አጻጻፍን በጨዋታ መልክ በተዘጋጀ መልመጃ ወረቀት ይለማመዱ የሚለውን ምክር እኔም እደግፋለሁ። በታችኛዎቹ ክፍሎች አማርኛ ስለማስተምር ወላጆች ከየቦታው ያወረዱትን፣ ባልደረቦቼም ፎቶ ኮፒ ያደረጉትን ወረቀት ሳላይ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። ቅር የሚለኝ ብዙው ወረቀት ለእንግሊዝኛ ተሠርቶ ፊደሉ ብቻ የተቀየረ መሆኑ ነው።

«የጎደለውን ፊደል ሙላ» የሚለውን እንይ። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ቢጎድል የቃሉ ትንሽ ክፍል ነው የሚጎድለው። ከ«በሬ» አንዱን ፊደል ስናነሳ ግን የቃሉ ግማሽ ሄደ። የተዘበራረቀ ፊደል ማስተካከሉም ያው ነው፤ «ሬበ» ተብሎ የተሰጠው ልጅ ገልብጦ ይጽፍና እርሳሱን ያስቀምጣል። በሳጥን ውስጥ ቃል ፍለጋውማ ባለሁለት ፊደል ቃላት ማንም ሳያስባቸው በየጥጉ ስለሚፈጠሩ ልጆቹ አዘጋጁ ያላወቃቸውን ቃላት እያገኙ ይመጣሉ። (እኔ ማርክ እሰጣቸዋለሁ።)

ልጆቻችን የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ልጁ ግን «በ»ን አያጣትም፤ የሚምታቱበት «ቢ»ና «ቤ»፣ «በ»ና «ብ» ናቸው። ካዕብ በጎን፣ ሳልስ በእግር፣ ኃምስ በቀለበት ስለሚታወቁ፣ እንደ «ሩ»ና «ፉ» ያሉ አፈንጋጮች ቢኖሩም፣ ቶሎ ይለመዳሉ። ሳድስ ደንብ የለውም፤ አንድ በአንድ በዓይን መያዝ ነው። እንግዲህ ጨዋታው እዚህ ላይ ይሁን። «ደ»ንና «ረ»ን ብቻ ጻፉና ዶሮ፣ የሸረሪት ድር፣ አንበሳ ያለበት ዱር ሣሉ። ልጁ በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ላይ ቅጥያውን እየለዋወጠ ሦስቱንም ይጽፋል። «ውሻ»ና «ዋሻ»፣ «ላም»ና «ሎሚ» እንዲሁ ይሠራሉ። ከላሟ ሥዕል ሥር «ሎሚ» ብሎ የጻፈ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ይስቃል፤ ሁለተኛ አይሳሳታትም። ቀጥሎ «ኳስ»ን «ኩዋስ»፣ «ጓደኛ»ን «ጉዋደኛ» የሚያሰኙት ዲቃላ ፊደላት ይምጡ። ፌስቡክ ላይ የማነበውን ሳስብ፣ ይህኛውን ወረቀት አዋቂዎችም ቢሞሉት አይከፋም።

ለዚህ ደግሞ ውጭ ውጭ ማየት አያሻንም ነበር። የኔታ ሀሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ ዓይኑን ከፊደሉ ላይ አንስቶ እንደሚያነበንብ ጠንቅቀው ያውቃሉ። አቡጊዳን የሚያስቀጽሉት ለዚሁ ነው፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እያንዳንዱ ከሌላ ዘር፣ ከሌላ ረድፍ የመጣ ነው፤ በሀሁ ዜማ ማምለጥ አይቻልም። ይህን ወደ ወረቀት ለማውረድ ባለቀለም ማተሚያ አያስፈልግም። ወረቀት በተወደደበት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳም ይበቃዋል።

ባልደረቦቼ የሚቆጡኝ በሚከተለው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ «ሰው»ን በንጉሡ «ሠ» ስለጻፈ በቀይ መሰረዝ ይቅር እላለሁ። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ለታተመው ሥራቸው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የሚል ርእስ ሲሰጡ በዓይኑ «ዐ» ጻፉ፤ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ በአልፋው «አ» ይጽፋል። ሊቁና ጋዜጣው ያልተስማሙበትን ቃል የሁለተኛ ክፍል ልጅ ላይ ስሕተት ማለት ይከብደኛል። ሞክሼዎቹ ይጥፉ ማለቴ ግን አይደለም። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት ነው፤ ይህን ልዩነት ማወቅ ደስ ይላል፣ ይጠቅማልም። ተራው ግን ልጁ አቀላጥፎ ማንበብ ከጀመረ በኋላ ነው። «ከልጅነቱ ካልለመደ መቼም አይስተካከልም» የሚሉኝ አሉ። በክፍሌ የማየው ሌላ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ የፈራ ልጅ እርግጠኛ የሆነባትን ቃል ብቻ እየመረጠ ይጽፋል፤ «ፀሐይ» ማለት ፈልጎ «ቀን» ብሎ ያልፋል።

ስለዚህ በልጆች ገጻችሁ የምታወጡትን የቃል ፍለጋ ሳጥን ለአንድ እትም አሳርፉት። በቦታው ሁለት ፊደልና ሦስት ሥዕል አስቀምጡ። መልሱን ገልብጣችሁ በግርጌ አታትሙ፤ ልጁ የጻፈውን ጮክ ብሎ ሲያነበው ራሱ ይሰማዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንደኛ ደረጃ አማርኛ መምህርት፣ አዲስ አበባ