ይቅርታው ድንኳን ሳይተከል ይሁን



እንደሚታወቀው የእድራችን ሥራ ሰው ሲያርፍ ድንኳን መትከል፣ ወንበር ማውጣት፣ ቀባሪ ማስተባበር ነው። በዚህ ሥራ ላይ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ለቅሶ አለ። «እማዬ ይቅር በይኝ»፣ «አባዬ ሳልክስህ ሄድክ» የሚል ነው። አልቃሹ ከአንጀቱ ነው የሚያለቅሰው። ነገር ግን ያ ቃል በሕይወት ሳሉ ቢነገር ኖሮ መልስ ያገኝ ነበር። ሬሳ «ይቅር ለእግዜር» አይልም። ስለዚህ ዛሬ በዚሁ ነገር ላይ ጥቂት እንላለን።

ከወላጅ ጋር የሚያኳርፈው ነገር ብዙ ነው። አንዱ ሳያማክር አገባ፣ አንዱ በቤት ድርሻ ተካሰሰ፣ አንዱ በሞቅታ ክፉ ቃል ተናገረ፣ ሌላው ደግሞ ዓመት ሙሉ ሳይጠይቅ ቀረ። ሁሉም ዛሬ ነገ እያለ ይቆያል። አንዳንዱማ «ብር እየሰጠሁ አይደለም እንዴ?» ይላል። ብሩ ደግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ለተቸገረና ሠርቶ መብላት ላልቻለ ወላጅ ልጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያዛል። ቀለብን ግን ዳኛ ያስከፍላል፤ ይቅርታን ማስከፈል የሚችል ዳኛ የለም። ይህ ከልጁ ከራሱ ብቻ የሚመጣ ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ሥርዓት ነበራቸው። ጥፋተኛው ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ «አጥፍቻለሁ» ብሎ እግር ሥር ይወድቃል። ወላጅም «ይቅር ለእግዜር» ብሎ ድንጋዩን ያስወርዳል፣ ይመርቃል። ዛሬ ድንጋዩ ቢቀርም ቁም ነገሩ አልቀረም። ጥፋትን በስሙ መጥራት ነው። «ያስቀየምኩህ ነገር ካለ» ማለት ይቅርታ አይደለም፤ እንዳለማ ሁለቱም ያውቃሉ። «እንዲህ ብዬሃለሁ፣ ልክ አልነበርኩም» ይባል። ምክንያት አይደርደር። የወሰደ ይመልስ፤ በሰው ፊት ያዋረደ በሰው ፊት ይካስ። ክርስቲያኑ «ይቅር በሉኝ»፣ ሙስሊሙ «አፉ በሉኝ» ይበል፤ ነገሩ አንድ ነው። አረብ አገር ያለ ልጅ ጉልበት መሳም ባይችል ደውሎ ድምፁን ያሰማ፤ በጽሑፍ መልእክት ብቻ አይለፈው።

ወላጆችም አደራ። ልጅ ደጅ ድረስ ሲመጣ በር አይዘጋበት፤ የድሮው ሁሉ አይቆጠርበት። ደግሞስ ወላጅ አይበድልም ያለው ማነው? ልጁን የበደለ ወላጅ «ይቅር በለኝ ልጄ» ቢል ክብሩ አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል።

እነሆ ዓመቱ ሊያልቅ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ናት፤ 6 የምትሆነው በ4 ዓመት አንዴ ነው። እንቁጣጣሽ ሳይገባ የተኳረፈ ይታረቅ። ብቻውን መሄድ የከበደው ለእድሩ ሽማግሌዎች ይንገር፤ አብረውት ይሄዳሉ። ወጪ የለውም፤ ምሥጢሩም አይወጣም። ድንኳኑ ለማናችንም አይቀርም። ሲተከል ግን ለቅሶው የናፍቆት እንጂ የጸጸት አይሁን።

መልካም አዲስ ዓመት!

የእድሩ ጸሐፊ