ቤት የመታ ኮታ

«ጥቂት ዋልጌ ሠራተኞች የፈጸሙት ነው።» ባንክ ደንበኛውን ሲያጭበረብር በተያዘ ቁጥር የምትመዘዘው ማመካኛ ይህች ናት። የአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ በፈረንጆች እስከ 2016 በነበሩት አምስት ዓመታት በዚህ ጥፋት ያባረራቸው 5,300 ያህል ናቸው። ይህ ጥቂት ከተባለ ብዙው ስንት ሊሆን ነው?

ከላይ የወረደው ግብ ለአንድ ቤተሰብ ስምንት አገልግሎት መሸጥ ነበር። ለምን ስምንት? የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጆን ስተምፍ ራሳቸው እንደጻፉት፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ «ግሩም» ከሚለው ጋር ቤት ስለሚመታ! ቤት ለማስመታት ሲባል የስንቱ ቤት ተመታ። ኮታው ያልሞላለት ሠራተኛ ደንበኛው ሳያውቅ ሒሳብ ከፈተ፤ የሌለ ኢሜይል ፈጠረ፤ የሚስጥር ቁጥር ራሱ መረጠ፤ ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው አዛወረ። አንዳንዱ ደንበኛ የነቃው ላልከፈተው ሒሳብ ክፍያ ሲቆረጥበት ነው።

ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጉዳዩን በ2013 አውጥቶት ነበር። ቅጣቱ የመጣው በ2016 ነው፤ 185 ሚሊዮን ዶላር። ባንኩ በ2015 ያተረፈው ወደ 23 ቢሊዮን ስለነበር፣ ቢሰላ የሦስት ቀን ትርፍ መሆኑ ነው። የምር ያመመው ፌዴራል ሪዘርቭ በ2018 ሀብቱ ካለበት እንዳያልፍ ያሰረበት ገመድ ነው፤ እስከ 2025 አልተፈታም።

«ባንክ ለሠራተኛው እንዴት እንደሚከፍል መንግሥት ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። ደመወዙማ አያገባውም። ቦነሱና ዕድገቱ በእኔ ፊርማ ብዛት የሚለካ ከሆነ ግን እኔንም ያገባኛል፣ ተቆጣጣሪውንም ያገባዋል። መርማሪ ከደንበኛው ቅጽ በፊት የሠራተኛዋን ኮታ ይጠይቅ፤ ስንት ታዘዘች? ካልሞላች ምን ይደርስባታል?

የአሜሪካ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አምና ሰኔ ሲገባደድ የጎረቤቴ ልጅ በር አንኳኳች፤ ባንክ ነው የምትሠራው። «ጋሼ፣ ያችን ብር ለሰኔ 30 ብቻ እኛ ጋ ያሳድሩልኝ፤ ሐምሌ ሲገባ ያወጧታል።» ዓይኔ ሥር ያደገች ልጅ፣ እንዴት እምቢ ይባላል? እዚያው ሶፋው ላይ ሦስት ቅጽ አስፈረመችኝ። አንዱ የካርድ ማመልከቻ መሆኑ የገባኝ «ካርድዎ ደርሷል» ተብሎ ሲደወልልኝ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ሁለት ካርድ እያለ። ቅርንጫፉን የሚፈትሽ ሰው ቢመጣ የሚያገኘው ፊርማዬን ነው። የእሷ ኮታ ቅጹ ላይ አልተጻፈም።